«ፎር ዊል» በሌለው መኪና ከአዲስ አበባ ወጥቶ ማደር፦ ለጀማሪ ዝርዝር መመሪያ

ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስ ወይም ከሜክሲኮ በቪትዝ፣ በያሪስ ወይም በኮሮላ ድንኳን ጭነው የሚወጡ ሰዎች መንገድ ላይ ሲቀሩ «ፎር ዊል ቢሆን ኖሮ» ይላሉ። ቀርበው ሲያዩት ግን መኪናውን ያስቀረው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው፦ ከአቅም በላይ የተጫነ ጓዝ፣ ያረጀ ጎማ፣ ከሰዓት በኋላ የተጀመረ ጉዞ፣ ወይም ወርደው ሳያዩ የገቡበት ጭቃ። ፎር ዊል የሌለው ሰው ጉልበቱ ሦስት ነገር ነው፤ ቀሎ መሄድ፣ በጊዜ መድረስ፣ አጠራጣሪ ቦታ ላይ ደግሞ ሳያፍሩ መመለስ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለእነዚህ ሦስቱ ነው።

እንዲህ ያለው ጉዞ ኦቨርላንዲንግ ይባላል፤ የምትበሉትን፣ የምትጠጡትንና የምትተኙበትን በመኪናችሁ ይዛችሁ፣ አዳሩንም ጥገናውንም ራሳችሁ ችላችሁ መጓዝ ነው። ገደል መውጣትና ወንዝ መሻገር የግድ አይደለም።

መመሪያው የተጻፈው ቤንዚን ለሚጠቀም ትንሽ መኪና ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ የጎማውን፣ የጭነቱንና የአዳሩን ክፍል ተጠቀሙበት። መንገዳችሁን ግን ቻርጅ የምታደርጉበት ቦታ በስልክ በተረጋገጠበት መስመር ብቻ ወስኑ፤ ባትሪው ከመኪናው ሆድ ሥር ስለሆነም ድንጋያማ መንገድ አትሞክሩ።

ደረጃ 1፦ መኪናችሁን እወቁ

1. የትኛው ጎማ እንደሚነዳው ለዩ። ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ዲዛየርና አዳዲሶቹ ኮሮላዎች በፊት ጎማ ይጎተታሉ። ዲኤክስ (አሮጌው ኮሮላ)፣ አብዛኛው ሚኒባስና ፎር ዊል የሌለው ፒካፕ ከኋላ ይገፋሉ። ልዩነቱ ዳገት ላይ ይታያል። ዳገት ሲወጣ ክብደት ወደ ኋላ ስለሚሸሽ የፊት ጎማ የሚጎትተው መኪና ልል ኮረት ላይ በባዶ ይሽከረከራል። ከኋላ የሚገፋው ዳገቱን ይወደዋል፤ ባዶ ፒካፕ ከሆነ ግን ጭቃ ላይ ቂጡን ይጥላል፣ ስለዚህ ከባዱን ጓዝ ከኋላ ጎማ በላይ አድርጉ።

2. ከመሬት ያለውን ከፍታ በሳንቲሜትር ለኩ። የምትለኩት ሰውና ጓዝ ከተጫነ በኋላ ነው። ጎንበስ ብላችሁ ዝቅ ያለውን ነገር ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የዘይት ኮፓው ወይም ማርሚታው ነው። ባዶውን 15 ሳ.ሜ አካባቢ የነበረው ከፍታ ሲጫን ጥቂት ሳንቲሜትር ይወርዳል። ያገኛችሁትን ቁጥር ጽፋችሁ ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፉ። መንገድ ላይ ድንጋይ ስታዩ በዓይን ከመገመት ወርዳችሁ በስንዝር ለኩና ከዚያ ቁጥር ጋር አስተያዩ።

3. የመኪናውን የጭነት አቅም ከመመሪያ መጽሐፉ አውጡ። ቁጥሩ ተሳፋሪውንም ይጨምራል። 400 ኪሎ የሚችል መኪና ላይ 65 ኪሎ የሚመዝኑ አራት ሰዎች ሲቀመጡ ለጓዝ የሚቀረው 140 ኪሎ ብቻ ነው። በእኔ እምነት ለጀማሪ በአንድ ትንሽ መኪና ሁለት ሰው ይበቃል፤ የኋላ ወንበሩ ይታጠፋል፣ ሆዱም ከመሬት ይርቃል። አራት ከሆናችሁ ሁለት መኪና አድርጉ። ሁለት መኪና ሲሆን ደግሞ አንዱ ሲቀር ሌላው አለ።

ደረጃ 2፦ ጎማ (ገንዘባችሁን እዚህ አውሉ)

መኪናውን ከመሬት ከፍ ማስደረግ፣ ተጨማሪ መብራት ማሰር፣ ጣሪያ ላይ ድንኳን መትከል ኋላ ይደረሳል። ያላችሁ ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ጎማ ግዙ።

1. ዕድሜውን አንብቡ። የጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ አለ። «2321» ከተጻፈበት በ2021 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ስድስት ዓመት ያለፈውን ጎማ ጥርሱ ቢኖርም እንኳ ለዚህ ጉዞ አትመኑት። «አዲስ ነው» ተብሎ የሚሸጥ ጎማ መጋዘን ውስጥ ያረጀ ሊሆን ይችላልና ሳታነቡ አትክፈሉ።

2. ጥርሱን ለኩ። ለአስፋልት የሚበቃ ጥርስ ለኮረት አይበቃም፤ ከ4 ሚ.ሜ በታች ከሆነ ለውጡ።

3. ጎኑን በእጃችሁ ዳብሱ፤ የውስጡን ጎን ጭምር፣ መኪናውን በክሪክ አንስታችሁ። እብጠት ወይም ስንጥቅ ያለበት ጎማ በፍጥነት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። የተቀደደ ጎን በመንገድ ላይ መድፈኛ አይጠገንም።

4. ስኮርታውን አውርዳችሁ እዩት። ብዙ መኪና ላይ ያለው ቀጭኑ ጊዜያዊ ጎማ ነው፤ በ80 ኪ.ሜ በሰዓት ተወስኖ እስከ ቅርብ ጎሚስታ ድረስ ብቻ ይሄዳል፣ ለኮረት አይሆንም። ልኩ ከሌሎቹ አራቱ ጋር እኩል የሆነ ጎማ ከነቸርኬው ፈልጉ። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ቸርኬ ታገኛላችሁ፤ ስትገዙ የብሎን ቀዳዳውን ቁጥርና ርቀት ከራሳችሁ ቸርኬ ጋር ገጥማችሁ እዩ። ስኮርታውን ሙሉ ንፉት።

5. ሦስት ነገር ግዙ፦ የአየር መለኪያ፣ ከመኪና ባትሪ የሚሠራ ጎማ መንፊያ፣ ገመድ መሰሉን የጎማ መድፈኛ ከነመርፌው። መንፊያውን ሱቁ በር ላይ ሞክሩት። ብዙ ኃይል የሚወስድ ከሆነ በሲጋራ ማቀጣጠያው ሲሰካ ፊውዝ ያቃጥላል፤ በቀጥታ ባትሪው ላይ የሚነክሰውን ምረጡ።

የአየር ልክ፦ መነሻችሁ በሹፌሩ በር መቃን ላይ የተለጠፈው ቁጥር ነው። ለትንሽ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 36 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ አሐድ) ነው፤ ሙሉ ጭነት ሲሆን ከፍ ያለው ይሠራል። ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ለኩ። ረጅም ኮረት ላይ ከዚህ ልክ 5 ወይም 6 ፒኤስአይ ቀንሱና ከ40 ኪ.ሜ በሰዓት አትለፉ። አሸዋ ውስጥ ለመውጫ ብቻ እስከ 18 ድረስ ታወርዳላችሁ። ያወረዳችሁትን ሳትመልሱ አስፋልት ላይ አትፍጠኑ። ትንሽ አየር ያለው ጎማ በፍጥነት ይሞቅና ይበጣጠሳል።

ደረጃ 3፦ ጋራዥ

ጉዞው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ግቡ። ዋዜማ ላይ የተነካ መኪና ስህተቱ መንገድ ላይ ነው የሚታየው።

መካኒኩን የምታዝዙት ይህን ነው፦ የፍሬን ሸራ ውፍረትና የፍሬን ዘይት፣ ራዲያተርና ቱቦዎቹ፣ ቺንጋ፣ አሞርዛተር፣ የመሪ ጫፎች፣ የባትሪ መያዣ። ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውሃ ብቻ ካለ በኩላንት አስቀይሩት። ከአዲስ አበባ ወደ ስምጥ ሸለቆ ስትወርዱ ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,600 ሜትር አካባቢ ነው የምትገቡት፤ ሙቀቱ ሌላ ነው፣ ስትመለሱም ሞተሩ ሙሉ ጭነት ይዞ ወደ ላይ ይወጣል።

ሊታከል የሚገባው አንድ ነገር ከሞተሩ ሥር የሚታሰር የላሜራ መከላከያ ነው። በያጅ ዘንድ ወስዳችሁ ከ2 እስከ 3 ሚ.ሜ ውፍረት ባለው ብረት አሠሩት። ሲሠራ አጠገቡ ቁሙና ሦስት ነገር ተቆጣጠሩ፦ ዘይት የሚወርድበት ቀዳዳ ይኑረው፣ አየር የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው፣ ከኮፓውም ጋር አይነካካ። በብሎን ይታሰር እንጂ አይበየድ፤ ከተበየደ ዘይት በተቀየረ ቁጥር መከራ ነው።

ከፊት ፓራውልት ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን ክፈቱና ተጠምዝዞ የሚገባው መጎተቻ ቀለበት መኖሩን አረጋግጡ። ያገለገለ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ይገኛል። ከሌለ ሶማሌ ተራ ሂዱ፤ ጥርሱ እንዲገጥም የመኪናችሁን ሞዴልና ዓመት ንገሯቸው። ያለዚያ ቀለበት የሚጎትታችሁ ሰው ገመዱን መሪ ዘንግ ላይ ያስርና መኪናውን ያበላሸዋል።

ደረጃ 4፦ ጓዝ

ሁሉንም መሬት ላይ ዘርግታችሁ መዝኑ። ከዚያ የሚቀነስ ፈልጉ።

መቅረት የሌለበት፦ ክሪክና ክሪኩ የሚቆምበት ጠፍጣፋ እንጨት (ለስላሳ አፈር ላይ ክሪክ ያለ እንጨት ይሰምጣል)፣ የጎማ መፍቻ፣ አጭር አካፋ፣ የመጎተቻ ገመድ፣ ጃምፐር ገመድ፣ ፊውዝ፣ አንድ ሊትር የሞተር ዘይት፣ ፒንሳና ካቻቢቴ፣ ሽቦ፣ ተደባልቆ የሚደርቅ ማጣበቂያ፣ የግንባር መብራት፣ የእሳት ማጥፊያ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን፣ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን። ለጎማ ሥር የሚነጠፍ ነገር ውጭ አገር የተሠራ መሆን የለበትም፤ ሁለት አጭር ጠንካራ ጣውላ ወይም ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ይሠራል። አካፋውንና ሳህኑን ምናለሽ ተራ ፈልጉ፤ እዚያ የሚሠራ ዕቃ ለሥራ ነው የሚሠራው።

ውሃ፦ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር፣ ከዚያም ለመኪናው 5 ሊትር። በአንድ ትልቅ ጀሪካን ሳይሆን በትናንሽ ያዙ፤ አንዱ ቢያፈስ ሌላው ይተርፋል። ከመንገድ የቀዳችሁትን አፍሉት፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ በታች አንድ ደቂቃ ይበቃል።

ምግብ፦ ማቀዝቀዣ ሣጥን ለመጀመሪያው ጉዞ አያስፈልግም። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ ጭኮ ቀላል ናቸው፣ አይበላሹም፣ ሲደክም ያለ እሳትም የሚበሉ አሉባቸው። ጀበናው ይምጣ፤ ክብደቱ ትንሽ ነው፣ ማታ ለሚጎበኛችሁ የአካባቢው ሰው ቡና ማቅረብም ከማንኛውም ስጦታ ይበልጣል።

ሲጫን፦ ከባዱ ነገር (ውሃው፣ መሣሪያው) ከኋላ ወንበር ጀርባ ወለል ላይ ይሁን። ቀላሉ ከላይ። ክሪኩና አካፋው ከጓዝ ሥር አይቀበሩ፤ የሚፈለጉት ጭቃ ውስጥ ቆማችሁ ነው። ፖርቶመጋላ ላይ ከድንኳንና ከፍራሽ ሌላ አትጫኑ። የትንሽ መኪና ጣሪያ የሚችለው ብዙ ጊዜ 50 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ከላይ የተጫነ ክብደት ደግሞ ጥምዝ ላይ መኪናውን ያወዛውዛል።

ማስጠንቀቂያ፦ ቤንዚን በጀሪካን መኪና ውስጥ አትያዙ። ማደያዎችም በጀሪካን መቅዳት ስለሚከለከሉ እቅዳችሁን በእሱ ላይ አትመሥርቱ።

ደረጃ 5፦ የእንጦጦ ፈተና

ይህን ደረጃ የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ አትዝለሉት። ከመሀል ከተማ ሳትርቁ መኪናውንም ራሳችሁንም የምትመዝኑበት ነው።

1. መኪናውን ለጉዞ እንደምትጭኑት አድርጋችሁ ጫኑ፤ ውሃውም ይሞላ።
2. እሑድ በጠዋት በስድስት ኪሎ በኩል ወደ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያም እስከ እንጦጦ ማርያም ድረስ ውጡ። የሙቀት መለኪያውን ተከታተሉ። ቴርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህሉን ያጣል፤ ስለዚህ እንጦጦን በሁለተኛ ማርሽ ሳይሞቅ የወጣ መኪና የደቡቡን መስመር አይፈራም።
3. ላይ ስትደርሱ ኮፈኑን ክፈቱ። የሚያፈስ፣ የሚሸት ነገር ካለ ጉዞው ይራዘም።
4. ስትወርዱ በፍሬን ሳይሆን በማርሽ ውረዱ። አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን ወደ «ኤል»፣ «2» ወይም «ቢ» አውርዱ። ታች ቆማችሁ በጎማው በኩል አሽትቱ። የተቃጠለ ሽታ ካለ አወራረዳችሁ ልክ አይደለም ወይም ፍሬኑ ችግር አለበት፤ ሁለቱንም ለዩ።
5. ቤት ስትደርሱ ጎማ ቀይሩ። አዎ፣ ሳይፈነዳ። ብሎኑ በጎሚስታ መሣሪያ የጠበቀ ከሆነ በእጅ መፍቻ አይነቃነቅም፤ ይህን ግቢያችሁ ውስጥ ብታውቁት ይሻላል። ረጅም ብረት ቱቦ መፍቻው ላይ ሰክታችሁ ፍቱ፣ ቱቦውንም ለጉዞው ያዙት።
6. ያንኑ ማታ ድንኳኑን ግቢ ውስጥ ተክላችሁ እደሩበት። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ የዘመድ ግቢ ለምኑ። የአዲስ አበባ ሌሊት ብርድ የጎደለውን ልብስ በደንብ ይነግራል።

ደረጃ 6፦ መንገድና ወቅት

ከጥቅምት እስከ ጥር ለጀማሪ የተሻለው ወቅት ነው። ክረምት ላይ አትጀምሩ። በተለይ የሞጆና የቢሾፍቱ ዙሪያ ጥቁር አፈር (ዋልካው) አንድ ዝናብ ሲነካው ጎማው ላይ ተጣብቆ ጥርሱን ይሞላና መኪናው በበረዶ ላይ እንዳለ ይንሸራተታል። እዚያ አፈር ላይ ፎር ዊል ያለውም ይቀራል።

የመጀመሪያው ጉዞ፦ ላንጋኖ፣ ምዕራቡ ዳርቻ። ከመሀል አዲስ አበባ 200 ኪ.ሜ ገደማ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ላይ የፍጥነት መንገዱን ይዛችሁ ወደ ሞጆ፣ መቂ፣ ዝዋይ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ። ከዋናው አስፋልት ወደ ሐይቁ የሚገባው ኮረት አጭር ስለሆነ ትምህርቱ በልክ ነው፤ ድንኳን የሚያስተክሉ ማረፊያዎችም አሉ። በስልክ ጠይቁ፦ ድንኳን ይፈቀዳል? ጥበቃ አለ? ትንሽ መኪና ይገባል? ምሥራቁን ዳርቻ ለሌላ ጊዜ አቆዩት፤ መንገዱ ይረዝማል።

ሁለተኛው ጉዞ፦ በዓለም ገና አድርጋችሁ መልካ ቁንጡሬ፣ ጢያ፣ ቡታጅራ፣ ከዚያ ወደ ዝዋይ ተሻግራችሁ በሞጆ መመለስ። ዋናው መስመር አስፋልት ነው፤ አዳዲ ማርያምን የመሰለው ደግሞ የአፈር መገንጠያ መለማመጃ ይሆናችኋል፣ ደረቅ ከሆነ ብቻ።

ጸጥታውን በሁለት መንገድ አረጋግጡ። ዋዜማ ላይ የምታድሩበትን ቦታ ሰዎች ደውላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ቃሊቲ መናኸሪያ ሄዳችሁ ያን ቀን ከዚያ መስመር የመጡ ሹፌሮችን ጠይቁ፤ የት ቆሙ፣ የት መንገድ ተቆፍሯል፣ የት ፍተሻ አለ። ሁለቱ መልስ ካልተገጣጠመ አትውጡ።

ወረቀት፦ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ የዘመኑ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ መታወቂያ። መኪናው በስማችሁ ካልሆነ ውክልና ያዙ፤ ፍተሻ ላይ «የወንድሜ ነው» አያሳልፍም።

ካርታውን ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ ስልካችሁ ላይ አውርዱ። የነዳጅ ክፍያው በስልክ ስለሆነ ሁለት ስልክና ተጨማሪ ባትሪ ይኑራችሁ። ነዳጁ ግማሽ ሲደርስ ባገኛችሁት ማደያ ሙሉ። 907 (ቀይ መስቀል አምቡላንስ) እና 991 (ፖሊስ) በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ከተማ ለቀረ ሰው መንገዳችሁንና የምትደውሉበትን ሰዓት ንገሩ።

ደረጃ 7፦ መውጣትና መንዳት

ከቤት ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ተነሱ። ሳሪስንና ቃሊቲን የጭነት መኪና ሳይሞላው ታልፉታላችሁ፤ የፍጥነት መንገዱ ላይም ጎህ ይቀዳል። ማደሪያችሁ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳያልፍ መድረስ አለባችሁ። ከመሸ በኋላ አትንዱ። መብራት የሌለው ጋሪ፣ መሀል አስፋልት የተኛ ከብት፣ ተበላሽቶ ድንጋይ ተደርድሮለት የቆመ አይሱዙ፣ ሁሉም ከፊት መብራታችሁ ቀድመው አይታዩም።

ኮረት ላይ፦ የጎማውን አየር ቀንሱ፣ ከፊት ካለው መኪና አቧራ ራቁ፣ በድንገት ፍሬን አትርገጡ፣ መሪ አትጠምዝዙ። ከባድ መኪና የቆፈራቸው ሁለት ቦዮች መሀል ጉብታ ካለ ቦዮቹ ውስጥ አትግቡ፤ አንዱን ጎማ ጉብታው ላይ፣ ሌላውን ዳር ላይ አድርጋችሁ ሂዱ። በዚህ ካልተሳካ ሆዱ ይቀመጣል፤ አንዴ ሆዱ ከተቀመጠ ነዳጅ መስጠት ዋጋ የለውም።

ቦይ ስታቋርጡ፦ ፊት ለፊት ከገባችሁ ፓራውልቱ ይመታል። በሰያፍ አድርጋችሁ፣ አንድ ጎማ በአንድ ጊዜ አስገቡ። በጣም ጥልቅ ከሆነ ግን አንዱ ጎማ አየር ላይ ይንጠለጠልና ኃይሉ ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። ያኔ በአካፋ አፉን ደልድሉ፤ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ጭቃ፦ ቁሙ፣ ውረዱ፣ በእግር ሂዱበት። ጫማችሁ ቁርጭምጭሚት ድረስ ከገባ ተመለሱ። ከዚያ በታች ከሆነ በሁለተኛ ማርሽ፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ እለፉ፤ መሀል ላይ ማርሽ አይቀየርም። መንሸራተት መቆጣጠሪያ ያለው መኪና ከሆነ ለዚያች ቦታ ብቻ አጥፉት፤ ጎማው መሽከርከር ሲጀምር ሞተሩን ያንቀዋልና።

ውሃ፦ ለትንሽ መኪና ወሰኑ 20 ሳ.ሜ ነው፤ ያውም ረግቶ ታቹ በእግር ተፈትሾ። የሚፈስ ደፍራሽ ውሃ ከሆነ ጠብቁ። ዝናቡ ሌላ ተራራ ላይ ዘንቦ ደራሽ ጎርፉ ፀሐይ ወዳለበት ሊመጣ ይችላል።

የፊት ጎማ የሚጎትተው መኪና አጭር ዳገት እምቢ ካለው፦ ታች ዘወር ብላችሁ በወደኋላ ማርሽ ውጡ። ክብደቱ ወደሚነዳው ጎማ ይመጣል። አንድ ሰው ወርዶ ይምራችሁ፤ ጥምዝ ያለበት ወይም ገደል የሚያዋስነው ዳገት ላይ ግን አትሞክሩት።

ደረጃ 8፦ ማደሪያ

1. ባዶ የሚመስለው መሬት ባለቤት አለው፤ እርሻ ወይም ግጦሽ ነው። ማረፊያ ቦታ ካልሆነ ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት ቅርብ ወዳለው ቤት ሄዳችሁ አስፈቅዱ፣ የቀበሌውንም ሰው አስጠሩ። በኦሮሚያ «አካም ጂርቱ» ብላችሁ ጀምሩ። አባ ወራው ሽማግሌ ከሆኑ «አባባ፣ እዚህ ብናድር ይፈቅዱልናል?» ማለት ይበቃል። ካልፈቀዱ አትከራከሩ፤ በ10 ሰዓት የደረሰ ሰው ሌላ ቦታ ለመፈለግ ጊዜ አለው።
2. መኪናውን አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙራችሁ አቁሙ። ሌሊት ከዘነበ ወይም ሰው ከታመመ ሳትዞሩ ትወጣላችሁ።
3. ደረቅ ወንዝ ውስጥ፣ ትልቅ ዛፍ ሥር፣ ሐይቅ አፍ ላይ አትትከሉ። ዝዋይ ሐይቅ ጉማሬ አለው፤ ሌሊት ለመጋጥ ይወጣል።
4. ምግብና ቆሻሻ መኪና ውስጥ ይቆለፍ። ጅብ ድንኳን ሳይሆን ሽታ ነው የሚከተለው።
5. ስምጥ ሸለቆ ወባ አለ። አጎበር ያዙ፤ ከምሽት ጀምሮ ረጅም እጅጌ ልበሱ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከሰል ድንኳን ውስጥም መኪና ውስጥም አይገባም። «ደህና አድርጎ ቀልቷል» የተባለው ከሰልም ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ቢበርዳችሁ ብርድ ልብስ ጨምሩ፣ ውሃ አፍልታችሁ በጠርሙስ አቅፉ።

ደረጃ 9፦ ሲበላሽ

ጭቃ ወይም አሸዋ ውስጥ ከቀራችሁ፦
1. ነዳጁን ልቀቁ። ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር ይሰምጣል።
2. ሰው ሁሉ ይውረድ፤ ከባዱ ጓዝ ይውረድ።
3. ከሚነዱት ጎማዎች ፊትና ከሆዱ ሥር ያለውን አፈር በአካፋ አውጡ።
4. አየር ወደ 20 ፒኤስአይ አውርዱ።
5. ጣውላውን ከሚነዱት ጎማዎች ሥር አስገቡ። ከኋላ የሚቆም ሰው አይኑር፤ ጣውላው ይወረወራል።
6. መሪውን አቅኑና ቀስ ብላችሁ ውጡ። አብዛኛውን ጊዜ መውጫው የገባችሁበት ነው፤ ወደ ኋላ ሞክሩ።
7. የሚጎትት መኪና ከመጣ ገመዱን ቀለበቱ ላይ እሰሩ፣ ገመዱ እስኪወጠር ቀስ ይበል፣ ከዚያ ይሳብ። በሩጫ የሚነጥቅ ጉተታ የትንሽ መኪና ቀለበት ይነቅላል። ሰው ሁሉ ከገመዱ ርዝመት በላይ ይራቅ።

ጎማ ከተነፈሰ፦ ደልዳላ ቦታ ቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ በሰያፍ ያለውን ጎማ በድንጋይ አስደግፉ፣ ብሎኑን መኪናው ሳይነሳ አላሉ፣ ከዚያ በክሪክ አንሱ። ከተቀየረ በኋላ 50 ኪ.ሜ ሄዳችሁ ብሎኑን እንደገና አጥብቁ። ስኮርታው ላይ እያላችሁ ጉዞውን አትቀጥሉ፤ ወደ ቅርብ ጎሚስታ ነው የሚኬደው።

ከሞቀ፦ ኤሲ አጥፉ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ ቁሙና ሞተሩን አጥፉ። የራዲያተሩን ክዳን ግማሽ ሰዓት አትንኩ። ሲቀዘቅዝ በጨርቅ ይዛችሁ ክፈቱ፤ ከዚያ ሞተሩን አስነስታችሁ፣ እየሠራ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ።

ከሥር ኃይለኛ ምት ከሰማችሁ፦ ወዲያው ቁሙና ተንበርክካችሁ እዩ። ዘይት ከተንጠባጠበ ሞተሩን አጥፉ። ቀዩ የዘይት መብራት በርቶ «እስከዚያ ዛፍ» ብሎ መሄድ ሞተር ያስነክሳል። ስንጥቁ ትንሽ ከሆነ ሙሉ በሙሉ አድርቃችሁ፣ በአሸዋ ወረቀት ፍቃችሁ በማጣበቂያው ድፈኑት፤ ከደረቀ በኋላ ዘይት ሙሉና በቀስታ እስከ ጋራዥ ሂዱ። የነዳጅ ታንክ ከሆነ ደረቅ ሳሙና ስንጥቁ ውስጥ አሽታችሁ ሙሉበት፤ ለጊዜው ይይዛል። አጠገቡ ስልክም ሲጋራም አይኑር።

ውሃ ውስጥ ከጠፋ፦ አታስነሱት። ገፍታችሁ አውጡትና የአየር ፊልትሮውን ክፈቱ። እርጥብ ከሆነ መካኒክ ሳያየው ቁልፍ አይዞርም።

ባትሪ ከሞተ፦ ማንዋል መኪና በሁለተኛ ማርሽ ተገፍቶ ይነሳል። አውቶማቲክ አይነሳም፤ ለእሱ ነው ጃምፐር ገመዱ።

ደረጃ 10፦ ከተመለሳችሁ በኋላ

በማግስቱ ሆዱን አሳጥቡ። የደረቀ ዋልካ ቸርኬ ውስጥ ከቀረ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ደግሞ ባላንስ ነው ብሎ ይከፍላል። የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ አራግፉ ወይም ቀይሩ። የላሜራ መከላከያውን ብሎኖች አጥብቁ፣ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ዳብሱ፣ መድፈኛ የገባበትን ጎማ ለጎሚስታ ስጡና ከውስጥ ያስለጥፍ።

ከዚያ ጓዙን እንደገና መሬት ላይ ዘርጉት። ያልተነካውን ዕቃ ወደ አንድ ጎን ለዩት። መሣሪያ፣ መድኃኒትና ስኮርታ ባይነኩም ይመለሳሉ፤ የቀረው ሁሉ በሚቀጥለው ጉዞ ቤት ይቀመጣል።